በፍስክ የበላሁት ጎመን

«እግርህን ቆርጠው ከጣሉት በኋላ ነው የምትበላው?» አለችኝ እታለም፤ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው።

«ሁዳዴ ነው እኮ» አልኩ፣ መልሼ ወደ እሷ እየገፋሁት።

«ለበሽተኛ ምን ሁዳዴ አለው? አባ፣ እርስዎ ይንገሩት እንጂ! የእኔን ቃልማ መስማት ካቆመ ቆየ።»

አባ ላእከ መደቡ ላይ ተቀምጠው ጭራቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እያዞሩ ነበር። የቤተሰባችን የነፍስ አባት ናቸው። «ስማኝ አለኸኝ» አሉ፤ «ጾም የተሠራው ለጤነኛ ነው። ለታመመ ሰው እኔ እፈቅድለታለሁ። ፈቅጃለሁ። ኃጢአት ካለው በእኔ ይሁን። ብላ።»

«እኔ የታመምኩት ሆዴን አይደለም፣ አባ። ባቴን ነው።»

«ታዲያ ባትህ በምን ይጠንክር?» እታለም ከአፋቸው ነጠቀቻቸው። «በሽሮ? የደረቀ ጅማት በቅቤ ነው የሚላላው! ትናንት ወጌሻው ምን አለህ? በል ተናገር፣ ምን አለህ?»

ወጌሻው ያለኝማ ያለኝ ነው። ጅማትህ ደርቋል፣ ከላይም ከውስጥም ቅቤ ይፈልጋል ብሎኛል። የላዩን እሱ ራሱ አሽቶት ሄዷል፤ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። የውስጡ ደግሞ ይኸው ፊቴ ቀርቧል፤ መሐሉ ጎድጉዶ ቅቤ የተሞላ ገንፎ።

ሞጣ፣ በታላቅ እኅቴ በእታለም ቤት፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ጾም የተከራከርኩት ያን ቀን ነው። ጿሚ ሰው አልነበርኩም። ቢቸና የምሠራበት የልብስ ስፌት ማኅበር ሊቀመንበር ጾምን የአሮጌው ሥርዓት ትራፊ እያለ ሲያሾፍ አብሬው እስቅ ነበር። ግን ሰው እጄን ጠምዝዞ ብላ ሲለኝ አልወድም። ለነገሩ ብዙም አልጸናሁም፤ ሁለቱ ግራና ቀኝ ሲይዙኝ በላሁ። ገንፎው ይጣፍጥ ነበር። እስካሁን የሚያናድደኝም መጣፈጡ ነው።

ይህን የምጽፈው ባቱን ይዞ በየአጥሩ ሥር ለሚቆም ሰው ነው። እንዳለህ አውቃለሁ። እኔም ቆሜአለሁና የምትቆምበትን አጥር ሳይቀር አውቀዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ሁዳዴ በፊት ነው። ዕድሜዬ አርባን እየተጠጋ ነበር፤ ግጥሜ ግን ገና ጎረምሳ ነው። ቅኔ ቤት አልገባሁም፤ ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ያስተማረኝ የለም። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዬን ፔዳል በእግሬ እየረገጥኩ፣ የመኪናውን ምት ተከትዬ ስንኝ እቋጥራለሁ። የምንሰፋው በአብዛኛው የሚሊሺያ ልብስ ነው፤ ደርግ ሊወድቅ የተቃረበባቸው ዓመታት ነበሩ፣ ጦርነቱ ልብስ አይጠግብም። አንዱ እጄ ጨርቅ ይገፋል፣ ሌላው ሲጋራ ይዞ ይውላል። ማታ ማታ እታለም ከሞጣ በምትልክልኝ ቅቤ የራሰ ነገር እበላለሁ። ጤነኛ ነኝ እል ነበር።

ቤቴ ከቁልቁለቱ በታች ነው፤ የማኅበሩ ቤት ደግሞ ላይ፣ ገበያው አጠገብ። አንድ ቀን ጠዋት ዳገቱን እኩል ሳልወጣው ግራ ባቴ እንደ ታጠበ ጨርቅ ተጠመዘዘ። ቆምኩ። ለቀቀኝ። ሄድኩ። እንደገና ያዘኝ። ሌላ ቀንም እንዲሁ፤ ስራመድ ይይዘኛል፣ ስቆም ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ይተወኛል። ደህና ሕመም ቢሆን እኮ ተቀምጠህም ያምሃል፤ ሰው ያምንልሃል። ይኼ ግን ሰው ፊት ስትቆም የሚጠፋ፣ ብቻህን ስትሄድ የሚመጣ ተንኮለኛ ነው።

በአርባ ዓመቴ መሐል መንገድ ላይ እንደ ሽማግሌ መገተሩ አሳፈረኝ። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። ባቴ ሲይዘኝ በአጠገቤ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ሰላም ማለት ጀመርኩ። እንዴት አደርክ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ላሟ ወለደች ወይ፣ አዝመራው ምን ይመስላል፣ አማችህስ ተሻላቸው? ባቴ እስኪለቀኝ እጠይቃለሁ። ከተማው ውስጥ ስሜ ተለወጠ። ያ አመዳም ልብስ ሰፊ ምን የመሰለ ጨዋ ወጣው ተባለ። አንዲት አሮጊትማ በየቀኑ ስለ ታመመች ፍየላቸው ስለምጠይቃቸው መረቁኝ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አግዳሚው ላይ ያለነው ሁላችንም እየተንፏቀቅን ነው ወረፋ የምንይዘው፤ የፊተኛው ሲገባ ሁሉም በቂጡ አንድ ሰው ያህል ይጎተታል። ከእኔ ፊት ልጇን ያዘለች ሴት ነበረች፤ ቆሎ ከቋጠሮዋ አውጥታ ሳትጠይቀኝ በእጄ አስጨበጠችኝ። የዚያን ቀን ያገኘሁት መድኃኒት እሱ ብቻ ነው። ድሬሰሩ ከጠረጴዛው ሳይነሣ ምንህን ነው አለኝ። ባቴን አልኩት። ምላስህን አውጣ አለኝ። አወጣሁ። ሪህ ነው ብሎ መርፌ አዘዘልኝ። መርፌው አለቀ፣ ባቴ እንዳለ ነው። መድኃኒት ቤት የሚሸጠው ሰውዬ የነርቭ ነው ብሎ ቀይ ክኒን ሰጠኝ፤ ሽንቴ ቀላ እንጂ ሌላ ለውጥ አላየሁም። ጎረቤቴ ብርድ ነው አለና በነጭ ሽንኩርት አጠነኝ። እያንዳንዱ ሰው በሽታዬን ከእኔ በላይ ያውቀው ነበር። አንድም ሰው ግን ጫማህን አውልቅ አላለኝም።

በዚያ ሰሞን በብስጭት ሁለት መስመር ጽፌ ሥራ ቦታዬ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፦

መንገዱ አልረዘመም፣ ዳገቱም አልከፋ፣
ባቴ ነው ከእኔ ጋር ስምምነት ያጠፋ።

ሊቀመንበሩ መነጽሩን አስተካክሎ አነበበው። «ጓድ አለኸኝ፣ ይህ ዳገት የምትለው ምንን ነው?»

«ዳገቱን ነዋ። ከቤቴ እስከዚህ ያለውን።»

«ስምምነት ያጠፋ የምትለውስ?»

«ባቴን።»

«እኔ ገብቶኛል፤ ለሌላ ሰው ግን ላይገባ ይችላል» አለና ወረቀቱን በጥንቃቄ አንሥቶ፣ አጣጥፎ፣ ኪሱ ከተተው። ባትህ ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀኝም።

ከዚያ ነው ሞጣ ሄጄ ወጌሻው ያሸኝ፣ አባ ላእከ የፈቀዱልኝ፣ እታለምም የቀለበችኝ። ሰው ሁሉ ሽሮና ጎመን በሚበላበት ሁዳዴ እኔ ቅቤ፣ ጮማና እንቁላል ስበላ ሰነበትኩ። ወደ ቢቸና ስመለስም ስንቄ ቅቤ ነበር። ባቴ ግን አልተመለሰልኝም። እንዲያውም የምሄድበት መንገድ እያጠረ፣ ሰላምታዬ እየረዘመ ሄደ። ይባስ ብሎ ፔዳሉን ስረግጥም ይይዘኝ ጀመር። ያኔ ነው እውነተኛ ፍርሃት የገባኝ። የማኅበራችንን ልብስ ለብሶ ዘምቶ በክራንች የተመለሰ ጎረምሳ በየቀኑ በራችን ላይ ያልፋል። የታጠፈውን የሱሪ እግር የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ጋደም ባልኩ ቁጥር የምሰማው ያን ክራንች ነው። አንድ እግር ያለው ልብስ ሰፊ ምን ይረግጣል? እግሬ ከሄደ መኪናው ይሄዳል፤ መኪናው ከሄደ እንጀራዬ፤ ግጥሜም በእሱ ምት ነው የሚመጣልኝ።

ሊቀመንበሩ ኮታው መጓደሉን ሲያይ ባቴን አስታወሰ። ወደ ደብረ ማርቆስ ሄደህ ታከም ብሎ የይለፍ ወረቀት አጻፈልኝ። ለእግሬ ሳይሆን ለሸሚዞቹ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም አመሰገንኩት። ደጀን ላይ መኪና ጥበቃ ዋልኩ፤ ማርቆስ ስደርስ መሽቶ ነበር። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ወረፋ ይዤ ተራዬ የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ያሉት ሰዎች ዓይን ሁሉ አንድ በር ላይ ተተክሏል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁሉም ጋቢውን ይሰበስባል፣ ሲዘጋ ይፈታል። ስንኝ ልቋጥርበት ሞክሬ ነበር፤ ከባዶ ሆድ ስንኝ አይወጣም።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ውጭ አገር ተምራ ከመጣች ብዙም አልቆየችም መሰለኝ፤ አማርኛዋ መሐል እየቆመች ቃል ትፈልጋለች። ገና ሳልቀመጥ «ጫማዎትን ያውልቁ» አለችኝ።

አወለቅኩ። ካልሲዬ የተቀደደ ነበር፤ ልብስ ሰፊ ሆኜ አፈርኩ። ጣቶቿን በእግሬ ጀርባ ላይ አሳረፈች፣ ከዚያም ከቁርጭምጭሚቴ ኋላ። ቀኙን ዳሰሰች፤ ወደ ግራው ተመለሰች። ዓይኗን ጨፍና እንደሚያዳምጥ ሰው ቆየች።

«የቀኙ ይመታል። የግራው በጣም ደካማ ነው። ደግሞም ይቀዘቅዛል። ፀጉሩም መርገፉን አይተዋል?»

አላየሁም። ሌላው ሰው ሁሉ አላየም ብዬ የምናደድ ሰውዬ እኔም የገዛ እግሬን አላየሁትም።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ልብስ እሰፋለሁ። ግጥምም እጽፋለሁ።»

«ግጥሙ እግር አያሳምምም። ሲጋራ ያጨሳሉ?»

«ትንሽ።»

ጣቶቼን አየች። በቢጫነታቸው አፈርኩ። «ብዙ» አልኩ።

ከዚያ በሽታዬን ነገረችኝ። ደም ከልብ ወደ እግር የሚወርድበት ቧንቧ ውስጥ ስብ እየተለጠፈ ጠቧል። ስቀመጥ የሚደርሰው ደም ይበቃል፤ ዳገት ስወጣ ግን ጡንቻው ብዙ ይጠይቃል፣ አይደርሰውም፣ ይጮኻል። ሕመሙ ጩኸቱ ነው። የሽማግሌ በሽታ አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «በሽማግሌነት ጎልቶ ይታያል እንጂ የሚጀምረው በእርስዎ ዕድሜ ነው። እርስዎን ደግሞ ሲጋራው አስቸኩሎዎታል። ገና ጅምሩ ላይ ስለመጡ እግርዎ አይቆረጥም። ከሰሙኝ።» አንቱ ስትለኝ ከበሽታው በላይ አስረጀችኝ፤ ግን እግርዎ አይቆረጥም ያለችኝን ቃል በመኪናው ላይ እስከ ቢቸና ድረስ ስደጋግመው ሄድኩ።

ምን እንደምበላ ስትጠይቀኝ እኅቴ ቅቤ ነጋዴ ናት አልኳት። ሳቀች። «እንግዲያማ ይገባዎታል። ቅቤ ሲቆይ ምን ይሆናል?»

«ይበላሻል። ይሸታል፣ ጉሮሮ ይከረክራል።»

«ለምን?»

«አየር ሲያገኘው።»

«ደም ውስጥ ያለው ስብም እንደዚያ ይበላሻል የሚል ሐሳብ አለ። ሲበላሽ ነው የቧንቧውን ግድግዳ የሚያቆስለውና የሚለጠፈው። የሲጋራ ጭስ ብልሽቱን ያፋጥነዋል። ጎመን፣ ቲማቲም፣ ካሮት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ፓፓያ ውስጥ ደግሞ ብልሽቱን የሚከላከሉ ነገሮች አሉ። አንቲኦክሲዳንት ይባላሉ።» ቃሉን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ስንኝ ውስጥ ላስገባው ሞክሬ እምቢ ያለኝ ቃል እሱ ነው። «ገና እየተጠና ያለ ነገር ነው፤ ሁሉም ሐኪም አልተስማማበትም። ስለዚህ በክኒን መልክ ልሽጥልዎ የሚል ካለ አይግዙ፤ ምግቡን ይብሉ። ቅቤውንና ጮማውን ይተዉ። ሲጋራውን ዛሬውኑ። ደግሞም ይራመዱ፤ እስኪያምዎ ይሂዱ፣ ሲያምዎ ይቁሙ፣ ሲለቅዎ እንደገና ይሂዱ። በየቀኑ። ዋናው ቧንቧ አዲስ አይሆንም፤ ትንንሾቹ ግን መንገድ ይከፍታሉ።»

«እስከ መቼ?»

«ዕድሜ ልክዎን» አለችና የሚቀጥለውን ሰው ጠራች።

ወደ ቢቸና ስመለስ ሁዳዴ አልቆ ፋሲካ ገባ። ከተማው በሙሉ በግና ዶሮ ሲሸት እኔ ጎመን መቀንጠስ ጀመርኩ። ሚስት የለኝም፤ ወንድ ልጅ ጓዳ ገብቶ ጎመን ሲከትፍ ማየት ለጎረቤቶቼ ከሰርከስ አይተናነስም ነበር። ጎመን በኑግ ዘይት፣ ክክ፣ ተልባ፣ ቲማቲም በቃሪያ፣ ከዓባይ ቆላ በአህያ ሲመጣ ደግሞ ሎሚና ፓፓያ። ሲጋራውን ጣልኩ። ስለ እሱ ረጅም አላወራም፤ ለሳምንታት ከመርፌዬ ጋር ሳይቀር ስጣላ እንደ ከረምኩ ብቻ ልናገር።

አንድ ሳህን ጎመን ስንት ክስ እንደሚያመጣ ያወቅኩት ያኔ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ሊቀመንበሩ ነው። ምሳ ዕቃዬን ከፍቶ አየ። «ጓድ፣ ሁዳዴ ካለቀ ሰነበተ እኮ። ምንድን ነው የምትጾመው? አድማ ነው? ከሆነ በማን ላይ ነው?»

«በቅቤ ላይ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

አልሳቀም። ጎረቤቶቼ ደግሞ ደኸየ አሉ፤ እኅቱ ፊት ነሥታዋለች ያለም ነበር። ይህ ወሬ ሞጣ ከእኔ ቀድሞ ደረሰ። ክር ላመጣ ሞጣ ስሄድ እታለምና አባ ላእከ እንደ ዳኛና እንደ ዐቃቤ ሕግ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

«በበዓለ ሃምሳ ይጾማል እንዴ?» አሉ አባ ላእከ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት መጾም በሥርዓታችን ክልክል ነው፤ የደስታ ቀናት ናቸው። «ጌታ ተነሥቶ አንተ ታዝናለህ? ይህ ክሕደት ነው!»

«አልጾምኩም አባ። ጠዋት ተነሥቼ ነው የምበላው።»

«ምን ትበላለህ?»

«ጎመን።»

«በይ ተመልከቺው!» አሉ ወደ እታለም ዞረው።

ደሜ ፈላ። «አባ፣ በሁዳዴ ቅቤ ብላ ብለው ፈቀዱልኝ። አሁን በፍስክ ጎመን አትብላ ሊሉኝ ነው? እኔ የቱ ጊዜ ላይ ነው ጎመን መብላት የሚፈቀድልኝ?»

አባ ደግ ሰው ናቸው፤ ይህን መመስከር አለብኝ። ትንሽ አሰቡና «ጎመን መብላትና መጾም አንድ አይደለም፤ እሱስ ልክ ነህ። አስበህ የምትበላው ለመድኃኒት ከሆነ አልፈርድብህም» አሉ። ቤቱ ውስጥ ካለነው መሐል ሐሳቡን የለወጠ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

የቀረችኝ እታለም ናት። እናታችን የሞተችው እኔ ገና ዳዴ ስል ነው። እታለም የምታጠባኝ ጡት አልነበራትም፤ የአሥራ ምናምን ዓመት ልጃገረድ ነበረች። ከየገጠሩ ቅቤ እየለቀመች በቅጠል ጠቅልላ እየሸጠች አሳደገችኝ፤ ከምትሸጠው ላይ በጣቷ እየቆነጠረች አፌ ውስጥ እየከተተች። ይህንን ሴትዮ ቅቤሽን አልበላም ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ የሐኪሟን ነገር እሷ በምታውቀው ነገር ላስረዳት አሰብኩ። ገጣሚ አይደለሁ?

«እታለም፣ ቅቤ ስታነጥሪ ኮሰረት የምትጨምሪበት ለምንድን ነው?»

«ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? እንዳይበላሽ ነዋ።»

«ኮሰረት ባይገባበትስ?»

«ክረምቱን አይሻገርማ።»

«እንግዲያው የእኔም ደም እንደዚያው ነው። ውስጡ ያለው ስብ እየተበላሸ ነው ቧንቧውን የዘጋብኝ። ጎመኑ፣ ቲማቲሙ፣ ሎሚው ለእኔ ኮሰረት ነው።»

እጇ አገጯ ላይ ቀረ። «እንዲያ ነው ለካ» አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ለስልሶ። የአባ ጭራ እንኳ መዞሩን አቆመ። ደስታዬን ልነግርህ አልችልም። ከጻፍኳቸው ስንኞች ሁሉ እንደዚያች ምሳሌ ሰው ልብ ውስጥ የገባ የለኝም ብዬ እየፎከርኩ ወደ ቢቸና ተመለስኩ።

ክረምቱን በጭቃው ተራመድኩ። እስኪያመኝ ሄድኩ፣ ስቆም ሰው ሰላም አልኩ፣ ሲለቀኝ ሄድኩ። መጀመሪያ ላይ ምንም ለውጥ አልነበረም፤ ሐኪሟን ሳይቀር ረገምኩ። ከብዙ ሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ፍየሏ ወደምትታሰርበት አጥር ደርሼ ባቴ ሳይጠይቀኝ አለፍኩ። አሮጊቷ ከኋላዬ «ምነው ዛሬስ ሳትጠይቀኝ?» ብለው ጮኹ። ተመልሼ ስለ ፍየሏ ጠየቅኩ፤ በነጻ። ከዚያ ወዲህ ዳገቱን አንዳንድ ቀን አንድ ጊዜ ቆሜ፣ አንዳንድ ቀን ሳልቆም መውጣት ቻልኩ። ፔዳሉ ላይማ ጨርሶ ተወኝ።

ያዳነኝ የቱ ነው ብለህ ብትጠይቀኝ አላውቅም። ሲጋራውን መተዌ ይሁን፣ መራመዴ ይሁን፣ ጎመኑ ይሁን ለይቼ ልነግርህ አልችልም፤ ሐኪሟም አልለየችውም። ድኛለሁም አልልህም። ዛሬም ችኩል ብዬ ዳገት ከወጣሁ ባቴ ያስታውሰኛል። አንተ ግን ጫማህን አውልቅ የሚልህ ሰው እስክታገኝ አትመለስ። ካጣህ አንተው አውልቀህ እግርህን ለሐኪሙ አሳየው።

መስከረም ሲጠባ እታለም ቢቸና መጣች። አስቀድማ አልነገረችኝም። በሬን ስከፍት አንድ ተሸካሚ ትልቅ ቆርቆሮ ደጃፌ ላይ አወረደ። እሷ ሂሳቡን ከፍላ ሸኘችውና እየሳቀች ገባች፤ ነጠላዋን ሳትፈታ ክዳኑን ፈልቅቃ ከፈተችው። ቤቱን የሞላው ሽታ ዓይኔን አስጨፈነኝ። እስከ አፉ የሞላ የተነጠረ ቅቤ።

«ለአንተ ብዬ ነው» አለች። «ከወትሮው እጥፍ ኮሰረት ነው የጣልኩበት። እርዱም፣ ኮረሪማውም፣ አብሹም አለበት። ዓመት ቢቀመጥ አይበላሽም። በል እንግዲህ ይህን ብላ!»

አየኋት። እየቀለደች አልነበረም።

«እታለም፣ እኔ ያልኩሽ እንደዚያ አይደለም።»

«አንተው አይደለህ እንዴ የነገርከኝ? ስብ ሲበላሽ ነው የሚለጠፈው አልክ። ኮሰረት ካለው አይበላሽም አልክ። ይኸው!»

«ምሳሌ ነው! ምሳሌ ነበር እኮ!»

«ምሳሌህን ለግጥምህ አቆየው። እኔ ኮሰረት ስትለኝ የማውቀው ኮሰረት ነው።»

ግድግዳውን በቡጢ ልመታ ምንም አልቀረኝም። ሪህ ያለኝ ድሬሰር፣ ጅማት ያለኝ ወጌሻ፣ አድማ ያለኝ ሊቀመንበር፣ ሁሉም ከእኔ አፍ ምንም ሳይሰሙ ነበር የተሳሳቱት። እሷ ግን የተሳሳተችው እኔን በደንብ ሰምታ ነው። «ልበላው አልችልም» አልኩ። «ይብቃን በዚህ ነገር። አልበላውም።»

ፈገግታዋ ጠፋ። «ሆድህ የተሠራው በእኔ ቅቤ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ መርዝ ነው እያልክ በአገሩ ሁሉ ታወራለህ!»

«መርዝ ነው አልወጣኝም! ለእኔ፣ ለዚህ እግሬ አይሆንም ነው ያልኩት።»

«ሞጣ ገበያ ምን እንደሚሉኝ ታውቃለህ? ወንድሟ የማይቀምሰውን ቅቤ ለእኛ ታመጣልናለች ነው የሚሉኝ። ደንበኞቼ ፊት ለፊቴ ከሌላዋ ይገዛሉ። በዚህ ዕድሜዬ!» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ወዲያው ግን ቁጣዋን መልሳ አገኘችው። «እኔ እኮ እንዳትሞትብኝ ብዬ ነው፣ አንተ ልጅ! ያለኸኝ አንተ ነህ። ስምህን ማን ያወጣው መሰለህ?»

ሳይሻል አይቀርም ብዬ «እንግዲያው መልሰሽ ውሰጂውና ሽጪው። እንዲህ ያለ ቅቤ ገበያ ላይ የለም» አልኳት። እውነቴን ነበር። እሷ ግን ስድብ አድርጋ ወሰደችው።

«ለአንተ ያልኩትን አልሸጥም! ለውሻ ድፋው! ወይም እንደ ዳንክ የምትነግረኝ እውነት ከሆነ፣ አንተው ተሸክመህ ላይ ገበያው ጋ እስከምሳፈርበት መኪና ድረስ አምጣልኝ።» ነጠላዋን እያጣፋች ተነሣች። «አታመጣውም። በዚህ ዳገት በየአጥሩ ስትገተር ባለፈው ዓመት በዓይኔ አይቼሃለሁ። ጎመን ተሸክሞ አያውቅም።»

ወጣች። በሩን ክፍት ትታው ነው የሄደችው። ጭቃው ላይ ነጠላዋን ወደ ላይ ሰብስባ፣ ወደ ኋላ ሳትዞር ዳገቱን ስትያያዘው አየኋት። ፈጥና ነው የምትሄደው፤ ስትናደድ ሁልጊዜ እንዲያ ናት።

ክዳኑን ገጠምኩት። ቆርቆሮውን መጀመሪያ ወደ ጉልበቴ፣ ከዚያ ወደ ትከሻዬ አወጣሁት። ከባድ ነው። ሁለት እጆቼ ተይዘዋል። ደፉን ተሻገርኩና ባቴን ጠበቅኩት፤ ምንም አላለኝም። በሩን በግራ እግሬ ስቤ ዘጋሁት።